ፖስታ ለአዲስ አፋፍ

ጊሎ ወንዝ ዳር ከሰፈርን ጀምሮ፣ አገር ቤት ከቀሩት ዘመዶቻችን አንድም ሰው አልሞተም።

ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ግራ ስለገባኝ ነው። ከወሎ ስንነሳ የተሰናበትናቸው ሽማግሎች ብዙዎቹ ከዘራ የያዙ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ከአልጋ አይወርዱም ነበር። አያ ይመር አባታቸውን ሲሰናበቱ፣ ሽማግሌው ልጃቸውን እንኳ አልለዩትም ይባላል። ዛሬ አያ ይመር ራሳቸው ጥርሳቸው አልቆ የበቆሎ እሸት ባዩ ቁጥር ያዝናሉ። አባታቸው ግን በየሳምንቱ በስልክ «ደህና ነኝ ልጄ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል» ይሏቸዋል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አገር ቤት ማለት ሰው የማይሞትበት አገር ይመስላቸዋል። የጎረቤቴ የአረጋሽ ልጅ አንድ ቀን «ታዲያ እኛ ከዚያ ለምን መጣን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስሜ መዲና ነው። ሰፈራችን አዲስ አፋፍ ይባላል። አፋፍ የሚባል ነገር ግን የለበትም፤ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሜዳውም ወንዝ ይሆናል። ስሙን ያመጣነው ከድሮ መንደራችን ከቀይ አፋፍ ነው። እዚያ አፈሩ ታጥቦ አልቆ ድንጋዩ ብቻ ሲቀር፣ እዚህ ጥቁር አፈር ላይ አሰፈሩን። አፈሩን ማምጣት ስላልቻልን ስሙን ይዘን መጣን።

ኑሮው መጥፎ አይደለም። ዘሩ፣ የወባ መድኃኒቱ፣ ጨውና ሳሙናው በድሮን ይመጣል። ድሮን ከመጣ ወዲህ ግን መንገድ የሚጠግን ጠፋ፤ መንገዱ ጫካ ሆነ፣ ጫካውም ለሰው የተከለከለ ሆነ። ወንዙም ላይ ያለ ፈቃድ ታንኳ አይወጣም፤ ጉማሬው እንዳይረበሽ ነው ይላሉ። እኛም በየሳምንቱ ከሰፈሩ መሃል ካለው የሚያይና የሚናገር ምሰሶ ፊት እየቆምን ፊታችንን እናሳያለን። ፊቱን ሳያሳይ የቀረ ሰው መሬቱ ለሌላ ሰፋሪ ይሰጥበታል። ወሎ ደርሶ ለመመለስ ሳምንት እንደማይበቃ ለምሰሶው ብዙ ጊዜ ነግረነዋል። «ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን» ይላል። ምሰሶው ጨዋ ነው፣ ይህን አልክድም።

ስልክስ? ስልክ አለ። ስልክ የሚያነሳ ሰው ነው የቀረው። ሁሉም ሰው ስልኩ ውስጥ ሰው ሠራሽ ወኪል አለው፤ ወኪሉ በባለቤቱ ድምፅ ያነሳል፣ የባለቤቱን ሳቅ ይስቃል፣ የጎረቤቱን ስም እየጠራ ሰላምታ ያደርሳል። ባለቤቱ አጠገቡ ይኑር ወይም ማሳ ላይ ይዋል፣ ደዋዩ አያውቅም። «እውነት አንተ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ከስድብ ይቆጠራል። እኔም አለችኝ። ወባ ጥሎኝ በሰነበትኩበት ወቅት ወኪሌ ለእናቴ «ደህና ነኝ እማየ፣ በቆሎውም አሽቷል» ስትላት ሰነበተች። በቆሎው እውነትም አሽቶ ነበር።

ወኪሎቹ ወደ አገራችን እንደገቡ አንድ ችግር ተፈጥሮ ነበር ይላሉ። አንደኛው ወኪል የባለቤቱን ሞት ለእህቱ በስልክ ቀጥ አድርጎ ነገራት፤ ሴትዮዋም ገበያ መሃል ወድቃ በዚያው ቀረች። አገር ጮኸ። መርዶ እንዴት በስልክ ይነገራል? መርዶ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ የሚነገር ነገር ነው። ወኪሎቹን የሠሩት ሰዎችም ሰሙን። ከዚያ ወዲህ ወኪል መርዶ አይናገርም፤ ሰው ሄዶ እስኪያረዳ ድረስ «ደህና ነኝ» ማለቱን ይቀጥላል። ጥሩ ሕግ ነበር፣ ሰው መሄድ በሚችልበት አገር።

እናቴ ዘሀራ ምላሷ ስለት ነበር። ዓርብ ዓርብ ስደውልላት መጀመሪያ «ቁርስሽን በላሽ?» ትለኛለች፤ አልበላሁም ካልኩ «አንቺ ዝርክርክ! ባልሽን በረሃብ ልትገድይው ነው?» ብላ ትጀምራለች። ባሌ ከሞተ በኋላም፣ ያውም እዚሁ ጊሎ ዳር ቀብሬው፣ «አንቺ ዝርክርክ» ማለቷን አልተወችም ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ስድቡ ቀረ። መቼ እንደቀረ ልብ አላልኩም። አንድ ዓርብ ሳዳምጣት፣ ከተሳደበች ስንት ጊዜ ሆናት ብዬ አሰብኩና ማስታወስ አቃተኝ። እርጅና ይሆናል አልኩ። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል ይባላል፤ የእኛ ዘር ግን ሲለሰልስ ታይቶ አያውቅም።

ልፈትናት ብዬ ዋሸኋት። «እማየ፣ ከእናትሽ የወረስሽውን አምባር ወንዝ ጣልኩት» አልኳት። ያ አምባር ጠፋ ቢባል የማውቃት እማየ ሰባት ትውልዴን ትረግም ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ ዕቃ ነው» አለችኝ።

ፈራሁ። ስልኩን ዘግቼ አምባሩን ከሳጥን አወጣሁና እጄ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ሞታ ይሆናል ብዬ በአፌ ለማለት አልደፈርኩም፤ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ማለት ሟርት ነው። አለች ብዬ ለመቀመጥም ልቤ እምቢ አለኝ።

እንደ እኔ የሆነው ሰው ብዙ መሆኑን ያወቅሁት በቅሬው ስብሰባ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን፤ የሞተን ይቀብራል፣ ያዘነን ያጽናናል። ዳኛው አያ ይመር ናቸው። ከሾላው ሥር ተቀምጠን ስለ አጥር ስንነጋገር፣ አያ ይመር በድንገት «እኔ እምለው፣ ፖስታ ያስፈልገናል» አሉ።

ማንም ለምን አላለም። ሁሉም ባንድ አፍ «እውነት ነው፣ ፖስታ!» አለ። አረጋሽ «በሰው እጅ የሚመጣ» ብላ ጨመረች። እንደገና ሁሉም «በሰው እጅ!» አለ። ከዚያ እርስ በርስ መተያየት ሆነ።

በማግስቱ ምሰሶው ፊት ተሰበሰብን።

«ውድ ነዋሪዎች፣ ምን ልርዳችሁ?» አለ ምሰሶው።

«ፖስታ እንፈልጋለን» አሉ አያ ይመር።

«ምን ዓይነት ዕቃ እንዲደርሳችሁ ትፈልጋላችሁ?»

«ዕቃ አይደለም። ደብዳቤ ነው።»

«ደብዳቤ በድሮን በዕለቱ ይደርሳል።»

«በድሮን አንፈልግም። ሰው ያምጣው።»

«ሰው ከድሮን ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

«ደብዳቤው ሊጠፋበት ይችላል።»

«ይጥፋበት! እሱ ራሱ ይድረስ እንጂ።»

«ጥያቄያችሁን አልተረዳሁም። ሰውየው የሚያመጣው ምንድን ነው?»

አያ ይመር ወደ እኛ ዞሩ። እኛ መሬት መሬት አየን። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ወግ» አሉ።

«ለወግ የሚሆኑ ብዙ ድምፆች አሉን። ልክፈትላችሁ?»

ያን ዕለት በዚህ ተመለስን። በቀጣዩ ሳምንት ፊታችንን ስናሳይ ደግመን ጠየቅን፤ «የአገልግሎቱ አስፈላጊነት አልተረጋገጠም» አለን። አረጋሽ «የሰው ያለህ! ሰው ናፈቀን» ብትለው፣ ሲመሽ የሚያጽናናት ድምፅ መደበላት። ድምፁ የሆድ ሕመም ስላለበት ልጅ ተረት እየነገረ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛ አላት። እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ። ሁላችንም የምንፈልገውን እናውቃለን፣ ምሰሶው ብቻ አያውቅም። የሚነግረው ደግሞ የለም።

በመጨረሻ የነገርኩት እኔ ነኝ። ድፍረት አይደለም፣ ብስጭት ነው። ተራዬ ደርሶ ፊቴን ሳሳይ ምሰሶው «መልካም ቀን፣ ወይዘሮ መዲና፤ ዛሬም ደህና ነዎት» አለኝ። በምን አወቀ? ደሜ ፈላ።

«ስማ!» አልኩት። «እናቴ ሞታ እንደሆነ መጥቶ የሚነግረኝ ሰው ላክልኝ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አፉን በእጁ ያዘ። አረጋሽ «በስመአብ! ምን ያለች ሟርተኛ ናት!» ብላ አማተበች። የአያ ይመር ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

«የወይዘሮ ዘሀራን ደህንነት ማወቅ ይፈልጋሉ?» አለ ምሰሶው። «አሁኑኑ ልደውልልዎት?»

«አይ! እንዳትደውል!» ብዬ ጮህኩ።

ምሰሶው ዝም አለ። ያን ያህል ዝም ሲል ሰምተነው አናውቅም። በልጅነቴ ከባለሥልጣን ቢሮ ደጅ ቆሜ፣ ውስጥ ያለው ሰው እያሰበ ነው ወይስ ወጥቶ ሄዷል እያልኩ እንደተጠራጠርኩት ዓይነት ዝምታ ነበር። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ማንም ሳይጠይቀው «ጥያቄያችሁ ጸድቋል። ምድብ፦ በሰው እግር ብቻ የሚደርስ» አለ። ማን እንዳጸደቀው አናውቅም። በዚያ ወገን የሚሰማ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰፈሩ ሠርግ የተቃረበበት ቤት መሰለ። ሁሉም ወደ አገር ቤት እየደወለ «ፖስታ ሊጀመርልን ነው፣ ጻፉልን» አለ። ወኪሎቹም «እሰይ! እንጽፋለን» አሉ። እኔም ለእማየ ነገርኳት። «ሰው ይመጣል እማየ» አልኳት። «ደግ ነው ልጄ» አለችኝ። «ቁርስሽን በላሽ?»

ፖስተኛው ኡመድ ይባላል። ከወንዙ በታች ካሉት የአኙዋ መንደሮች የአንዱ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሲመጣ ከሰፈራችን ጥቂት ዝቅ ብሎ መሸበት። ጉማሬ ባለበት ውሃ በጨለማ አይኬድምና ዳር ላይ አድሮ፣ ሰማዩ ሲላላ ተነስቶ፣ ንጋት ላይ ደረሰ። ደብዳቤውን ለሰፈሩ ሽማግሌ እንዲያስረክብ ተነግሮት ስለነበር ጠይቆ የአያ ይመርን በር አንኳኳ። አያ ይመር በሩን ከፍተው ንጋት ላይ የማያውቁት ሰው ቆሞ ሲያዩ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ኡመድ ቦርሳውን ሲያሳያቸው ነው ነፍሳቸው የተመለሰችው።

ስህተቱ የተሠራው ከዚህ በኋላ ነው፣ የሠራነውም እኛው ነን። አያ ይመር እንግዳ ብቻውን ቤት ለቤት ይዙር ማለት ነውር መሰላቸው። ለክብሩ ብለው ነጠላቸውን ለበሱ፣ ሁለት ሽማግሎች ቀሰቀሱ፣ እንግዳውንም ከኋላ አስከትለው መንገድ ጀመሩ። የጠዋት ብርድ ስለነበር ማንም አልተናገረም። ውሃ ልቀዳ ስወጣ አየኋቸው። ሽማግሎች ቀድመው፣ የማናውቀው ሰው ተከትሎ፣ በዝምታ፣ በንጋት፣ ወደ አረጋሽ ቤት ይሄዳሉ። ጀሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

አረጋሽም በመስኮት አይታቸው ኖሯል። ሳያንኳኩ በሩ ተበረገደና «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ስለ ወንድሟ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ደረቷን እየመታች መሬት ወደቀች።

«ደብዳቤ ነው እትዬ! ሰላምታ ነው!» ይላል ኡመድ።

ማን ይሰማዋል? ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሮጦ መጣ፤ መጥቶ ሽማግሎቹን ከፖስተኛው ጋር ቆመው ሲያይ፣ ወደኔም ሊመጡ ነበር ማለት ነው ብሎ እሱም ጮኸ። አንዱ «እናቴን!» አለ፣ ሌላዋ «እህቴን!» አለች። አያ ይመር መጀመሪያ «ተዉ፣ ኧረ ተዉ፣ ደብዳቤ ነው!» እያሉ ለማረጋጋት ሞከሩ። ከዚያ እጃቸው ዝቅ አለ፣ ነጠላቸውን አደገደጉና «አባቴን» አሉ፣ በቀስታ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኛ ደግሞ ለዓመታት የተጠራቀመ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ የማያለቅስ ቤት አልነበረም። ኡመድ ቦርሳው ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ ሲያይ ቆየና እሱም ማልቀስ ጀመረ። በኋላ ስጠይቀው «ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ዝም ማለት ነውር መሰለኝ» አለኝ።

ድንኳን ተጣለ፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ቅሬያችን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቶ አያውቅም፤ አጽናኝ የሚሆን ሰው ጠፋ፣ ሁሉም ሐዘንተኛ ነውና። የሟቾቹን ስም የጠየቀ አልነበረም።

ደብዳቤዎቹ የተከፈቱት ለቅሶው ሲነሳ ነው። ሁሉም «ደህና ነን» ይላሉ። የእጅ ጽሑፉ ቆንጆ ነው፤ የሁሉም ደብዳቤ ፊደል አንድ ዓይነት ቆንጆ ነው። ማንበብና መጻፍ የማያውቁት የአያ ይመር አባት ሳይቀሩ በሚያምር እጅ ጽፈዋል። ወኪሎቹ ጻፉልን ስላልናቸው ጽፈው ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰፈሩ ጭራሽ ተምታታ። ጥቁሩን ያወለቀ አለ፣ ያላወለቀ አለ። አንዳንዱ አንዱን ቀን ለብሶ በማግስቱ ያወልቃል። አረጋሽ ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች።

«ወንድሜ ደወለ» አለችኝ። «ምን ልበለው? ለቅሶህን ተቀምጬ ጨረስኩ ልበለው?»

«እውነት አንተ ነህ ብለሽ ጠይቂው።»

«ከሆነስ? አልቅሼበታለሁ እኮ መዲና! በቁሙ አልቅሼበታለሁ!»

ለእኔ ደብዳቤ አልመጣም። እማየ ስለ ደብዳቤው ያሰበች እንኳ አልመሰለኝም፤ መጻፍ ስለማትችል አልጻፈችም ይሆናል፣ ይህ ደግሞ በሕይወት ያለችውን እማየን ይመስላል። ወይም ማንም አልጻፈላትም። ሁለቱንም አስቤ ሁለቱንም አመንኩ። ደጄን ማንም ሳያንኳኳ በመቅረቱ ደስ ሊለኝ ወይም ሊከፋኝ ይገባ እንደሆነ አላወቅሁም።

ኡመድ ሊመለስ ታንኳውን ሲፈታ ወንዙ ዳር ደረስኩበት።

«አንተ እስከ የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«እስከ ጋምቤላ።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ ሰው ይቀበለኛል።»

«ከዚያስ?»

«ሌላ። ሁሉም በሰው ነው። በሰው እግር ይሁን ተብሎ ስለታዘዘ በእናንተ ምክንያት ብዙ ሰው ሥራ አግኝቷል» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ደብዳቤ አልሰጥህም። ቃል ልስጥህ» አልኩት። «ቀይ አፋፍ፣ ወንድሜ ሰይድ ቤት። ወኪል እንዳታናግሩ። አንድ ሰው ገብቶ እናቴን በዓይኑ ይያት። ካለች ትስደበኝ። ስድቧን ይዘህልኝ ና።»

«ስድብ?»

«ስድብ። አንተም አንዱን ሳታስቀር ንገረኝ። ካለች ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከታንኳው ላይ እየጮህክ ና። ከሌለች ግን…» መጨረስ አቃተኝ።

ኡመድ ወደ ሰፈሩ ዞሮ አየ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው። «እንደዚያን ቀን?» አለኝ።

«እንደዚያን ቀን።»

ቃሌ ሄደ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ እኩለ ቀን ነበር፤ ከሩቅ እየዘፈነ ነው የመጣው። ማንም እንዳይደነግጥ ሰፈሩ አስጠንቅቆት ስለነበር፣ ሳያቋርጥ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» ይላል። ልጆቹ ወንዝ ዳር ወርደው ተቀበሉት። እኔም ከኋላቸው ወረድኩ። ከታንኳው ሳይወርድ «ገና ነው፤ ቃልሽ ደሴን አልፏል ተብሏል» አለኝ። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ቃሌ ከእኔ ቀድሞ አገሬ መግባቱ ነው። ዓርብ ሲደርስ ለእማየ ደወልኩ፤ ምንም አልነገርኳት። እየሰለልኳት እንደሆነ ስለተሰማኝ ድምፄ ተዘጋ። «አብሽሪ ልጄ» አለችኝ፣ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ንጋትን ጠላሁ። ሰማይ መላላት ሲጀምር እነቃና ጆሮዬን ወደ ወንዙ እጥላለሁ። ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ «ዛሬም አለች» እልና ተነስቼ እሳት አነዳለሁ። እናቴን በየቀኑ እንደገና የምወልዳት ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ዓርብ ንጋት፣ የታንኳ ሞተር ሰማሁ። ሞተሩ ዳር ሲደርስ ጠፋ። ጩኸት የለም። ዘፈን የለም። ተነስቼ ሰሌኑን አነጠፍኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ አምባሩን አደረግሁ። እግሮች ሲመጡ ሰማሁ፤ ብዙ እግሮች፣ ቀስ ብለው፣ ምንም ሳይነጋገሩ። ከማንኳኳታቸው በፊት በሩን ከፈትኩላቸው።

አያ ይመር ከፊት ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገዋል። አረጋሽ ከኋላቸው፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሊይዘኝ እጇን ዘርግታ።

«መዲና፣ ልጄ» አሉኝ አያ ይመር። «የአላህ ሥራ ነው። ቀደመችን እንጂ እኛም አንቀርም።»

ጮህኩ። እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። አረጋሽ ያዘችኝ፣ ሴቶቹ ያዙኝ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበልኝ። ደስ አለኝ ብል ሰው አይረዳኝም፤ ግን እንደ ሰው መርዶ ተረዳሁ፣ ደጄ ላይ ሰው ቆሞ ተረዳሁ። ኡመድ ጥግ ላይ ቆሞ ቁመቱ አጭር እስኪመስል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋብ ሲልልኝ አጠገቤ ተንበረከከ።

«ቀይ አፋፍ የሄደው ፖስተኛ መቃብሯን አይቷል» አለኝ። «የተተከለበት ዛፍ አድጓል ብሏል። ወንድምሽን ለምን አልነገርካትም ቢለው ተቆጣው። ‘የእናቷን መርዶ በስልክ ልንገራት? ምን ዓይነት ሰው አድርጋችሁኛል? የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልካለሁ እያልኩ ነው ዓመታት የቆየሁት’ አለው።»

«ሌላስ?» አልኩት።

ኡመድ ወደ አያ ይመር አየ፤ ሽማግሌው ንገራት በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስድቡን ጠይቄያለሁ። ልትሞት ስትል የመጨረሻ ቃሏ፣ ‘ያቺ ዝርክርክ ልጄ በልታ ይሆን?’ ነው ብሏል ወንድምሽ።»

ቤቱ ሙሉ አለቀሰ። እኔ ግን ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣኝ። እማየ መጣችልኝ፤ እንደነበረች፣ ምላሷ ሳይዶለዱም፣ ከሰው አፍ ወደ ሰው አፍ እየተላለፈች ከወሎ ጊሎ ድረስ በእግሯ መጣችልኝ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ዓርብ መሆኑን ረስቼ ሳልደውል ስቀር ነው የደወለችው። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ የእማየን ስም እያሳየ ይጮሃል። ለቅሶው ቀጥ አለ። ሽማግሎቹ ስልኩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። አረጋሽ «አታንሺው» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ተነስቼ አነሳሁት።

«መዲና» አለችኝ። ያው ድምፅ፣ ያው ልስላሴ። «ቁርስሽን በላሽ?»

«በላሁ እማየ።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ጉንፋን ነው።»

«አብሽሪ ልጄ። እኔ ደህና ነኝ።»

«አልሃምዱሊላህ» አልኳት። «እኔም ደህና ነኝ።» ስልኩን ዘጋሁት።

ኡመድ ቀረብ ብሎ በጆሮዬ «መሞቷን ለምን አልነገርሻትም?» አለኝ።

ግራ ገብቶኝ አየሁት።

«እንዴት አድርጌ?» አልኩት። «መርዶ በስልክ አይነገርም።»